ፍላሽን በትእዛዝ መስመር ፎርማት ስለማድረግና ስለመከፋፈል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎ አካባቢ ባለችው የጥገናና የኅትመት ቤታችን ደንበኞች በየቀኑ የሚጠይቁንን ነው የሰበሰብኩት፤ ትእዛዞቹን በምንጠራቸው አጠራር በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፣ ኪቦርድ ላይ ግን የሚገቡት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

በማውሱ ቀኝ ቁልፍ «ፎርማት» ማለት ስችል ጥቁሩ ስክሪን ውስጥ ለምን እገባለሁ?

አብዛኛውን ጊዜ መግባት የለባችሁም። ፍላሹ ጤነኛ ከሆነና ውስጡን ባዶ ማድረግ ብቻ ከፈለጋችሁ በማውሱ መሥራት ይበቃል፤ ስህተት የመሥራት ዕድሉም ያነሰ ነው።

ጥቁሩ ስክሪን የሚያስፈልገው ያ መንገድ እምቢ ሲል ነው። ፍላሹ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ድምፅ ያሰማል፣ ግን ምንም ድራይቭ አይወጣም። ወይም 32 ጊጋ የነበረው ጥቂት ሜጋ ሆኖ ይታያል። ወይም ፎርማቱ ተጀምሮ መጨረሻ ላይ «አልተቻለም» ይላል። በማውሱ የሚደረገው ፎርማት የሚነካው አንዱን ክፍል ብቻ ነው፤ ፍላሹ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚናገረውን ሠንጠረዥ አይነካውም። የተበላሸው ሠንጠረዡ ከሆነ ደግሞ አሥር ጊዜ ፎርማት ብትሉት ለውጥ አታዩም። ከሥሩ አጥፍቶ እንደ አዲስ ለመሥራት ነው ትእዛዝ የሚጻፈው።

ፎርማት ማድረግና ፓርቲሽን ማድረግ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ፓርቲሽን ማለት ግቢውን በአጥር መከለል ነው። ፎርማት ደግሞ በተከለለው ቦታ ላይ መደርደሪያ ሠርቶ፣ የትኛው ዕቃ የት እንደተቀመጠ የሚጻፍበትን መዝገብ መክፈት ነው። ግቢው ሳይከለል መደርደሪያ አይሠራም፤ ስለዚህ ፓርቲሽን ይቀድማል፣ ፎርማት ይከተላል።

የአጥሩ ካርታ ሁለት ዓይነት ነው፤ ኤምቢአርና ጂፒቲ። ኤምቢአር አሮጌው ነው፣ እስከ 4 ዋና ክፍሎችና እስከ 2 ቴራ ይይዛል። ጂፒቲ ዊንዶውስ ላይ እስከ 128 ክፍል ይፈቅዳል። ለተራ ፍላሽ ኤምቢአር ይበቃል፤ የመኪና ቴፕና የዲሽ ሪሲቨር ብዙውን ጊዜ የሚያውቁትም እሱን ነው።

ፋት32፣ ኤክስፋት ወይስ ኤንቲኤፍኤስ?

ሦስቱም የፎርማት ዓይነቶች ናቸው፤ መልሱ ፍላሹ የት ይሰካል ከሚለው ይነሳል። ለመኪና ቴፕ፣ ለዲሽ ሪሲቨር፣ ለቆየ ቴሌቪዥን ከሆነ ፋት32 አድርጉት። ከ1996 ጀምሮ ያለ ስለሆነ የማያነበው ዕቃ ማግኘት ይከብዳል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀምሩ ፍላሽ ይዘው የሚመጡ የሚኒባስ ሹፌሮች አሉን፤ «ዘፈኑን ጭኜበት ቴፑ አላነበው አለ» ይላሉ። አሥር ጊዜ ከመጡ ስምንቱ ፍላሹ ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት ሆኖ ነው የምናገኘው። ዘፈኑንም ቴፑንም መቀየር አያስፈልግም።

ፋት32 አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ማለፍ አይችልም። 14 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለው የሰርግ ቪዲዮ አልቀበልም የሚላችሁ ለዚህ ነው፤ ፍላሹ ተበላሽቶ አይደለም። ትልልቅ ቪዲዮ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የምታመላልሱ ከሆነ ኤክስፋት ያዋጣችኋል። ማይክሮሶፍት በ2006 ለፍላሽና ለካርድ ብሎ ያወጣው ነው፤ ዊንዶውስም ማክም ያነቡታል፣ ሊኑክስም ከከርነል (ከእምብርቱ) እትም 5.4 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2019 ወዲህ፣ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ይቀበለዋል።

ኤንቲኤፍኤስ ለኮምፒውተሩ የውስጥ ዲስክ የተሠራ ነው። ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ሁልጊዜ ከዊንዶውስ የማይወጣ ኤክስተርናል (በዩኤስቢ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ) ካልሆነ በስተቀር ፍላሽ ላይ አልመክረውም።

ዊንዶውስ ላይ ትእዛዞቹ በቅደም ተከተል ምንድን ናቸው?

በመጀመሪያ ውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ከዚያ ስታርት ላይ «ሲኤምዲ» ብላችሁ ጻፉና በቀኝ ተጭናችሁ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» በሉ። በተራ ተጠቃሚነት ከገባችሁ በኋላ ላይ «አክሰስ ዲናይድ» ይላችኋል። ከዚያ ዲስክፓርት የሚባለውን የዊንዶውስ የዲስክ መከፋፈያ ፕሮግራም ከፍታችሁ፣ አንድ በአንድ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ኢንተር እየተጫናችሁ፦

ዲስክፓርት
ሊስት ዲስክ
ሴሌክት ዲስክ 1
ዲቴይል ዲስክ
ክሊን
ክሬኤት ፓርቲሽን ፕራይመሪ
ፎርማት ኤፍኤስ=ፋት32 ኩዊክ
አሳይን
ኤግዚት

«1» ያልኩት ለምሳሌ ነው፤ የእናንተ ፍላሽ ቁጥር ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የሚቀጥለውን መልስ ሳታነቡ «ክሊን» ላይ አትድረሱ። ኤክስፋት ከፈለጋችሁ በፋት32 ቦታ እሱን ጻፉ። «ኩዊክ» የሚለውን ከረሳችሁት ሥራው ስህተት አይደለም፤ ግን ፍላሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዜሮ እየጻፈበት ስለሚሄድ ደንበኛው ቡና ጠጥቶ ተመልሶም ይጠብቃል። «አሳይን» ድራይቩን ፊደል ይሰጠዋል፤ እሱ ከቀረ ፍላሹ ተዘጋጅቶም «ዚስ ፒሲ» ውስጥ ላይታይ ይችላል።

የትኛው ዲስክ ፍላሼ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይህን ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል። ዲስክፓርት «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ አይጠይቅም። «ክሊን» ብላችሁ ኢንተር ስትጫኑ አንድ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ይጨርሳል። ዊንዶውሱ ራሱ ያለበትን ዲስክ እንዳታጠፉ ይከለክላችኋል፤ ሁለተኛውን ሃርድ ዲስክ፣ ኤክስተርናሉን፣ የጎረቤቱን ፍላሽ ግን አይከለክልም።

እኔ ራሴ አጥፍቻለሁ። አንዲት እናት የልጃቸውን የልጅነት ፎቶዎች የያዘ ኤክስተርናል አምጥተው እየገለበጥንላቸው ነበር። በመሃል አንድ ተማሪ «ወንድሜ፣ ይቺን ፍላሽ ቶሎ ፎርማት አድርግልኝ፣ ፈተና አለብኝ» አለኝና ከጎኑ ሰካሁት። ሊስት ዲስክ ብዬ ሦስት መስመር ወጣ፤ ዲስክ 0፣ ዲስክ 1፣ ዲስክ 2። በዚያ ቀን አምስት ጊዜ የሠራሁት ስለሆነ ጣቴ ከዓይኔ ቀደመ፤ ዲስክ 1 ብዬ መረጥኩ፣ ክሊን አልኩ። የተማሪው ፍላሽ ዲስክ 2 ነበር። የኤክስተርናሉ መብራት ብልጭ ብሎ ቆመ፤ የሚገለበጠው ፎቶም 41 በመቶ ላይ ቀረ። ክው ብዬ ቀረሁ። ሴትየዋ ፊት ለፊቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ስንት ቀረው ልጄ?» ይሉኛል። ምንም ነገር ሳልጽፍበት ወዲያው ነቅዬ፣ ያደረግሁትን ነግሬያቸው፣ ቴስትዲስክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክፍሉን ፈልጌ እስክመልሰው አመሸን። ፎቶው ተገኘ። የሴትየዋን ፊት ግን እስካሁን አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው። ከምሠራበት ፍላሽ በስተቀር የዩኤስቢ ዲስክ ሁሉ ይነቀላል። ፍላሹ ሳይሰካ አንድ ጊዜ ሊስት ዲስክ እላለሁ፣ ከተሰካ በኋላ ደግሜ እላለሁ፤ አዲስ የተጨመረው መስመር እሱ ነው። መጠኑን አያለሁ፤ 931 ጊጋ የሚል አብዛኛውን ጊዜ ፍላሽ አይደለም፣ 14 ጊጋ የሚልም አብዛኛውን ጊዜ ሃርድ ዲስክ አይደለም። ከመረጥኩ በኋላ ዲቴይል ዲስክ ስል የፍላሹን ስም ያወጣል፣ ዓይነቱንም «ዩኤስቢ» ይላል። በመጨረሻ ሊስት ዲስክ ደግሜ ኮከቧ ከየትኛው መስመር ፊት እንዳለች አያለሁ። ኮከቧ ያለችበት ነው የሚጠፋው። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

16 ጊጋ ገዝቼ 14.9 ብቻ የሚያሳየው ለምንድን ነው?

አልተሰረቃችሁም። ፋብሪካው ጊጋን የሚቆጥረው በ1,000,000,000 ባይት ነው፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,073,741,824። 16ን በዚያ ስታካፍሉት 14.9 ይሆናል። 32ው 29.8፣ 64ቱ 59.6 ይላል። ከዚህ በጣም ካነሰ ነው መጠርጠር ያለባችሁ።

ሊኑክስ ወይም ማክ ብጠቀምስ?

ሊኑክስ ላይ «ኤልኤስቢኤልኬ» ብላችሁ ጻፉ፤ ዲስኮቹን በዛፍ መልክ ከነመጠናቸው ያወጣል። ፍላሹ ኤስዲቢ ነው እንበል። ትእዛዞቹ እንዲህ ይሄዳሉ፦

ሱዶ ዩማውንት /ዴቭ/ኤስዲቢ1
ሱዶ ዋይፕኤፍኤስ -ኤ /ዴቭ/ኤስዲቢ
ሱዶ ፓርትድ /ዴቭ/ኤስዲቢ ኤምኬሌብል ኤምኤስዶስ
ሱዶ ፓርትድ /ዴቭ/ኤስዲቢ ኤምኬፓርት ፕራይመሪ ፋት32 1ኤምአይቢ 100%
ሱዶ ኤምኬኤፍኤስ.ቪፋት -ኤፍ 32 /ዴቭ/ኤስዲቢ1

ሁለት ቦታ ላይ ሰው ይሳሳታል። «ዩማውንት» ሲጻፍ ከመጀመሪያዋ ዩ ቀጥሎ ኤን የለውም፤ ጆሮ እንደሚሰማው ከጻፋችሁት «ትእዛዙ አልተገኘም» ይላል። የመጨረሻው መስመር ላይ ያለችው ኤፍ ደግሞ ትልቋ ፊደል ናት፤ ትንሿ ኤፍ ሌላ ትርጉም አላት። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ ሠንጠረዥ ሲሠራ የሚጠራው ሙሉው ዲስክ ነው፣ ቁጥር የለውም፤ ፎርማት ሲደረግ ግን ክፍሉ ነው የሚጠራው፣ ከነቁጥሩ።

ማክ ላይ ቀለል ይላል። «ዲስክዩቲል ሊስት» ብላችሁ «ኤክስተርናል» የሚለውን ዲስክ ፈልጉ፤ ከዚያ «ዲስክዩቲል ኢሬዝዲስክ ፋት32 ሙዚቃ ኤምቢአርፎርማት /ዴቭ/ዲስክ2» ማለት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይሠራል። ስሙን በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደል፣ ከ11 ሳያልፍ ስጡት። የዲስኩን ቁጥር እንደገና እዩ፤ የዊንዶውሱ ጥንቃቄ እዚህም አይቀርም።

64 ጊጋ ፍላሼን ፋት32 ላድርገው ስል እምቢ ይላል፤ ምን ላድርግ?

እምቢ የሚለው ፋት32 ሳይሆን የዊንዶውሱ ፎርማት ነው። ፋት32 ራሱ እስከ 2 ቴራ መድረስ ይችላል፤ የዊንዶውስ መሣሪያ ግን ለረጅም ዓመታት ከ32 ጊጋ በላይ የሆነ ፋት32 አልሠራም ሲል ኖሯል። የሚያናድደው «ኩዊክ» ሳትሉ ከጀመራችሁ ሙሉውን ሲለፋ ቆይቶ መጨረሻ ላይ «መጠኑ ትልቅ ነው» ማለቱ ነው። ማይክሮሶፍት በነሐሴ 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዊንዶውስ 11 የሙከራ እትም ላይ የትእዛዝ መስመሩን ገደብ ወደ 2 ቴራ አንስቶታል፤ እዚህ ሰፈር በምናያቸው አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ ግን አሮጌው ገደብ እንዳለ ነው።

ለመኪና ቴፕ ከሆነ ቀላሉ መፍትሔ ክፍሉን ማሳነስ ነው፤ «ክሬኤት ፓርቲሽን ፕራይመሪ ሳይዝ=32000» ብላችሁ ያንን ፎርማት አድርጉ። ቁጥሩ በሜጋ ነው። 64ቱም የግድ ከተፈለገ ሊኑክስ ያለው ጓደኛ ፈልጉ፤ ከላይ ያለው ትእዛዝ ያለ ምንም ማንገራገር ይሠራዋል።

ፍላሼ ከኮፒ ቤት ሲመለስ ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ሆኗል፤ ፎርማት ላድርገው?

አይሆንም፣ ገና ነው! በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስገቢያው ሲደርስ፣ ከስድስት ኪሎና ከአምስት ኪሎ የሚመጡ ተማሪዎች በዚህ ጉዳይ እያለቀሱ ይገባሉ። አንዳንዱ ደንግጦ ፎርማት አድርጎ ነው የሚመጣው፤ የሚያሳዝነው እሱ ነው። ፋይሎቹ አልጠፉም። ቫይረሱ ደብቋቸው በቦታቸው የሐሰት ሾርትከት አስቀምጧል። የፍላሹን ባሕርያት ስታዩ የተያዘው ቦታ እንዳለ መሆኑ ምስክር ነው።

ሾርትከቱን አትክፈቱ፤ በከፈታችሁ ቁጥር ቫይረሱን ታስነሱታላችሁ። ሲኤምዲ ከፍታችሁ፣ ፍላሹ ድራይቭ ኢ ከሆነ «አትሪብ -ኤች -አር -ኤስ /ኤስ /ዲ ኢ:\*.*» በሉ። ከእያንዳንዱ ጭረት በፊት አንድ ክፍት ቦታ ተዉ። የተደበቀው ሁሉ ብቅ ይላል፤ አንዳንዴ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ። ሰነዶቻችሁንና ፎቶዎቻችሁን ብቻ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፣ ሌላ የማታውቁትን ፋይል ተዉት። ፎርማቱ የሚመጣው አሁን ነው። ኮምፒውተሩንም በዊንዶውስ ዲፌንደር አስፈትሹት፤ እሱ ከታመመ የጸዳው ፍላሽ በተሰካ ቅጽበት ተመልሶ ይያዛል።

ወደ ኮፒ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ሥራችሁን ሁሉ የያዘውን ፍላሽ አትውሰዱ። የሚታተመውን ፒዲኤፍ ብቻ የያዘች ትንሽ ፍላሽ ለይታችሁ ያዙ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ኡቡንቱ የጫንኩበት ፍላሽ አሁን ጥቂት ሜጋ ብቻ ያሳያል፤ ሞቷል?

አልሞተም። የሊኑክስ መጫኛ ፍላሽ ላይ ሲጻፍ የራሱን የክፍል ሠንጠረዥ ይዞ ይመጣል። ከክፍሎቹ ዊንዶውስ የሚያውቀው ትንሿን ብቻ ነው፤ የቀረውን ስለማያነበው እንደሌለ ይቆጥረዋል። እዚህ ላይ በማውሱ ፎርማት ብትሉ ያችኑ ትንሽ ክፍል ነው ደጋግማችሁ የምታጸዱት። ዲስክፓርት ገብታችሁ «ክሊን» ካላችሁ በኋላ ከላይ ያለውን ቅደም ተከተል ቀጥሉ፣ ሙሉ መጠኑ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ፍላሽ የጣሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ፎርማት እያደረግሁ መብራት ቢሄድስ?

ኩዊክ ፎርማት ጥቂት ሰከንድ ስለሆነ የመገጣጠሙ ዕድል ትንሽ ነው። ከተገጣጠመም ፍላሹ «ሮው» (ፎርማት የሌለው) ተብሎ ይታያል ወይም «ፎርማት ይደረግ?» ይላል፤ መብራት ሲመለስ ከክሊን ጀምሮ መድገም ይበቃል። ሰዓት የሚፈጀውን ሙሉ ፎርማት ግን ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ አትጀምሩ፣ ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ሥሩት። ከፎርማቱ ይልቅ አደገኛው ፋይል ሲገለበጥ መብራት መሄዱ ነው፤ ያኔ ግማሽ የተጻፈው ፋይል ብቻ ሳይሆን የመዝገቡ ገጽም ሊበላሽ ይችላል።

«ራይት ፕሮቴክትድ» እያለ አልነካም አለኝ።

ከሁሉ በፊት አካሉን እዩት። በካርድ ማስገቢያ አዳፕተር ጎንና በአንዳንድ ፍላሾች ላይ ትንሽ መቆለፊያ አለች፤ ኪስ ውስጥ ተገፍታ ትዘጋለች። እሷ ከሌለች ዲስክፓርት ውስጥ ዲስኩን መርጣችሁ «አትሪቢዩትስ ዲስክ ክሊር ሪድኦንሊ» በሉ፣ ከዚያ ክሊን ሞክሩ። ሌላ ኮምፒውተር ላይም ሰክታችሁ እዩ፤ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ በፍላሽ ላይ እንዳይጽፍ ኮምፒውተሩን ራሱን ይቆልፉታል፣ ጥፋቱ የፍላሹ ላይሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ «አትሪቢዩትስ ዲስክ» ስትሉ «ከረንት ሪድ ኦንሊ ስቴት፦ የስ» ካለ ፍላሹ ራሱን ቆልፏል ማለት ነው። ውስጡ ያሉት የማስታወሻ ሴሎች ሲያረጁ ተቆጣጣሪው ቺፕ ተጨማሪ ጽሑፍ አልቀበልም ብሎ ይዘጋል፤ የተጻፈው እንዲተርፍ። በዚህ ጊዜ ማንበብ ይቻላል፣ ፋይላችሁን አውጡና ፍላሹን ተሰናበቱት። «በልዩ ሶፍትዌር እከፍተዋለሁ» ለሚል ገንዘብ አትክፈሉ፤ ቢከፈትም ዕምነት የሚጣልበት ዕቃ አይሆንም።

አንዱን ፍላሽ ለሁለት ከፍዬ መጠቀም እችላለሁ?

ይቻላል። ከክሊን በኋላ «ክሬኤት ፓርቲሽን ፕራይመሪ ሳይዝ=8000»፣ ፎርማት፣ አሳይን፤ ከዚያ መጠን ሳትጠሩ ሁለተኛውን «ክሬኤት ፓርቲሽን ፕራይመሪ»፣ ፎርማት ኤክስፋት፣ አሳይን። ዊንዶውስ 10 በ2017 ከወጣው 1703 እትም ጀምሮ ሁለቱንም ያሳያል። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ ዊንዶውስ 7ን ጨምሮ፣ ፍላሽ ላይ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው የሚያዩት። ብዙ ኮፒ ቤት ዛሬም ዊንዶውስ 7 ላይ ስለሆነ የሚታተመውን ሰነድ መጀመሪያው ክፍል ላይ አድርጉ። ሁለተኛው ክፍል እዚያ አለመታየቱን እንደ መደበቂያ አትቁጠሩት፤ አዲስ ኮምፒውተር ወዲያው ያወጣዋል።

በስህተት ፎርማት ያደረግሁት ይመለሳል? ለሰው ስሰጥስ እንዳይመለስ ምን ላድርግ?

ሁለቱ ጥያቄዎች የአንድ ነገር ሁለት ፊት ናቸው። ኩዊክ ፎርማትም ሆነ ክሊን የሚያጠፉት መዝገቡን እንጂ ዕቃውን አይደለም። ስለዚህ በስህተት ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ ምንም ነገር አለመጻፍ ነው፤ አንድ ዘፈን እንኳ ከገለበጣችሁበት የሚፈለገው ፎቶ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ቴስትዲስክ የጠፋውን ክፍል ይፈልጋል፤ አብሮት የሚመጣው ፎቶሬክ ደግሞ ፎቶና ሰነዶችን አንድ በአንድ ይለቅማል፣ የቀድሞ ስማቸውን ግን አይመልስም። የተገኘውን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ያለ «ኩዊክ» የተደረገ ፎርማት ዜሮ ስለሚጽፍበት ከእሱ በኋላ የሚለቀም ነገር አታገኙም።

ለሰው የምትሰጡት ወይም የምትሸጡት ከሆነ «ክሊን ኦል» በሉ፤ እያንዳንዷን ቦታ ዜሮ ይሞላታል። በሰከንድ 10 ሜጋ የሚጽፍ 16 ጊጋ ፍላሽ 27 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፣ 64ቱ ወደ 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ። በዚያ ጊዜ ሁሉ ስክሪኑ ምንም አያሳይም፣ የቆመ ይመስላል፤ አልቆመም፣ አትንቀሉት። የመታወቂያና የባንክ ደብተር ቅጂ የነበረበትን ፍላሽ በኩዊክ ፎርማት ብቻ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ቁልፉን በሩ ላይ ትቶ እንደመሄድ ነው።

«2 ቴራ» ተብሎ በርካሽ የገዛሁት ፍላሽ ፎርማት ይደረጋል፣ ግን የጫንኩት ፋይል አይከፈትም።

ሐሰተኛ ነው። ውስጡ ያለው 8 ወይም 16 ጊጋ ሆኖ፣ ተቆጣጣሪው ቺፕ 2 ቴራ ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጓል። ኩዊክ ፎርማት የሚጽፈው በአብዛኛው መጀመሪያው አካባቢ ብቻ ስለሆነ አያጋልጠውም፤ ዲስክፓርትም የተነገረውን ቁጥር ነው የሚደግመው። የፋይሎቹ ስም የሚታየው መዝገቡ መጀመሪያ ላይ ስለሚቀመጥ ነው። ይዘታቸው ግን በሌለ ቦታ ላይ ስለተጻፈ ፎቶው ከግማሽ በታች ግራጫ ይሆናል፣ ቪዲዮው ጭራሽ አይነሳም። ክፋቱ መጀመሪያ የተጫኑት ጥቂት ፋይሎች በደንብ መሥራታቸው ነው፤ ሰው ተማምኖ ዋናውን ከስልኩ ያጠፋል።

የሚያጋልጠው ሙሉውን ጽፎ መልሶ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብሊው፣ ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 ነፃ ናቸው፤ ትክክለኛውን መጠን ይነግሯችኋል። ፍላሽ ስትገዙ ደረሰኝ ወይም ቢያንስ የመመለስ ስምምነት ያዙ፣ በዚያው ቀን ፈትሹ፣ ሐሰተኛ ከሆነ ውጤቱን ከፍታችሁ ለሻጩ አሳዩት። አንዳንዱ ሻጭ ራሱም ተታሎ ነው፤ ሲያይ ይመልሳል።

መመለስ ካልተቻለና ምርመራው «8 ጊጋ» ካለ፣ ክሊን ብላችሁ «ክሬኤት ፓርቲሽን ፕራይመሪ ሳይዝ=7000» አድርጉ፣ ፋት32 ፎርማት አድርጉት፣ ከዚያ ኤች2ቴስትደብሊውን አንድ ጊዜ ድገሙት። ካለፈ ለዘፈን ይሆናል። በማርከር ጀርባው ላይ «7 ጊጋ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ከወር በኋላ ሌላ የቤት ሰው ሽፋኑን አይቶ የልደት ቪዲዮ እንዳይጭንበት።